ነጭ ጋዝን ከቤንዚንና ከናፍጣ እንዴት እንለያለን?

ደብረ ብርሃን ላይ መብራት በጠፋ ምሽት ኩራዝ ወይም የነጭ ጋዝ ምድጃ ከመለኮስዎ በፊት፣ በዕቃው ውስጥ ያለው በእርግጥ ነጭ ጋዝ መሆኑን ያረጋግጡ። ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝና ናፍጣ ሁሉም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጡ፣ በዋናነት ከካርቦንና ከሃይድሮጅን የተሠሩ ናቸው፤ ዋናው ልዩነታቸው የካርቦን ሰንሰለታቸው ርዝመት ነው። በማጣሪያ ውስጥ ድፍድፉ ከ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ተኑ በረጅም ማማ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ፣ ረጃጅሞቹ ከታች፣ አጫጭሮቹ ከላይ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳሉ። በቤንዚን ሞለኪውል ከ4 እስከ 12፣ በነጭ ጋዝ ከ10 እስከ 16 ገደማ ካርቦን ይገኛል፤ ናፍጣ ከዚያም ይረዝማል።

ሰንሰለቱ ባጠረ መጠን ፈሳሹ በቀላሉ ይተናል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ተን ስለሚያወጣ የታኅሣሥ ውርጭ አይገታውም፤ ነጭ ጋዝ ግን 38 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ በብልጭታ የሚያያዝ በቂ ተን አይሰጥም፣ በክር ተስቦ ሲሞቅ ነው የሚነደው። ቤንዚን የገባበት ነጭ ጋዝ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ምድጃው ሲሞቅ በማጠራቀሚያው ውስጥ የታመቀው ተን በድንገት ሊቀጣጠል ይችላል።

ለመለየት ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ያኑሩ። ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ይተናል፤ ነጭ ጋዝ ይዘገያል፤ የናፍጣ ቅባት ግን ለሰዓታት አይለቅም። ጥቂት ቤንዚን የተቀላቀለበትን ነጭ ጋዝ ወረቀቱ ላያጋልጠው ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ የገዛሁት ነጭ ጋዝ ክዳኑ ሲከፈት የሞተር ብስክሌት ታንከር ይሸት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ኩራዝ ውስጥ አይጨምሩ፣ በክብሪትም አይፈትኑ።

ቤንዚን በጀሪካን ይዘው ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርዱ ከሆነ እስከ አፉ አይሙሉት፤ የ20 ሊትር ቤንዚን ሙቀት በ20 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ በ0.4 ሊትር ገደማ ያድጋል። ከደረሱም በኋላ ማድ ቤት አያሳድሩት፤ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ክዳኑ ካልጠበቀ ወለል ለወለል እየተሳበ ራቅ ብሎ ከሚነድ እሳት ዘንድ ይደርሳል።