የዓድዋን ዓመት ንትርክ እንዴት እንደፈታነው

በአማርኛ ዊኪፔድያ ላይ አንዱ አራሚ ዓድዋን 1888 ይላል፣ ሌላው መጥቶ 1896 ያደርገዋል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ለታሪካችን የሚቆረቆሩ ሰዎች ሳይነጋገሩ ሲሰራረዙ ማየት ያሳዝናል።

ጽሑፉን ወዲያው አልነካሁም። መጀመሪያ የገጹን የለውጦች መዝገብ፣ «ታሪክ» የሚለውን፣ ከፍቼ ማን ምን እንደቀየረ አየሁ። ከዚያ በ«ውይይት» ገጹ ሁለቱንም ጠራኋቸው፤ ቀኖቹን ጎን ለጎን ከነምንጫቸው አስቀመጥኩ። ሲስማሙ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፍኩ፣ የትኛው የኢትዮጵያ፣ የትኛው የፈረንጆች እንደሆነም ለየሁ።

ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ከቀኑ አጠገብ፣ ለአንባቢ የማይታይ፣ አራሚ ብቻ የሚያየው ማስታወሻ ተውኩ። «ከመቀየርዎ በፊት ውይይቱን ያንብቡ» ይላል። አዲስ የሚመጣ ሰው የድሮውን ክርክር ከየት ያውቀዋል?