ሳይተኩሱ ማደን፦ በወሎ ደጋ ድኩላን ከሩቅ እንዴት ማየት ይቻላል?

የጥሩ አዳኝ ሙያ ጠመንጃው ላይ አይደለም። ነፋስ ማወቅ፣ ርቀት መገመት፣ ሳይታዩ መጠጋት፣ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው ሙያው። ይህን ሁሉ ጥይት ሳይያዝ መማር ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ያንን ሙያ በባይኖኩላር መለማመድ ለሚፈልግ ሰው ነው። ቦታው ደቡብ ወሎ፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የአካባቢው ሰው ደንቆሮ ጫካ ይለዋል። ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ትደርሳላችሁ፤ ጫካው ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ስለ ጥይቱ ግን አስቀድሜ ልናገር። ዛሬ ስልኩን የከፈተ ሁሉ በውጭ አገር ከ500 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ርቀት ላይ ሆኖ አጋዘን የሚጥል ተኳሽ ያያል። ቪዲዮው ላይ ሲታይ ቀላል ነው። እስቲ ስሌቱን እንየው።

ለ100 ሜትር የተስተካከለ የተለመደ የአደን ጠመንጃ 500 ሜትር ላይ ቢተኮስበት፣ ጥይቱ ሁለት ሜትር ገደማ ወርዶ ነው የሚያርፈው። ተኳሹ ይህን አስቀድሞ አስልቶ ማረም አለበት። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከጎን ከነፈሰ ደግሞ ጥይቱን ግማሽ ሜትር ያህል ይገፋዋል። የድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ግን ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። ሸለቆ መሃል ያለውን ነፋስ ደግሞ ተኳሹ ቆሞበት ካለው ቦታ ሊያውቀው አይችልም። እዚህ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ወደ ግራ፣ ገደሉ ሥር ሽቅብ ሊነፍስ ይችላል።

በዚህ ላይ ጥይቱ እዚያ እስኪደርስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት እንስሳው አንድ እርምጃ ከተራመደ፣ ትከሻው ላይ የታለመው ሆዱ ላይ ያርፋል። ሆዱን የተመታ እንስሳ ወዲያው አይሞትም። ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሲሰቃይ ይቆያል። ተኳሹ ማዶ ነው ያለው። ሸለቆውን ወርዶ እስኪወጣ ይመሻል፤ ደሙንም ተከትሎ ላያገኘው ይችላል።

ይህን የሚሉት አደን የሚጠሉ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ የአዳኞች ማኅበር ነው። እሱም ከመጠን ባለፈ ርቀት መተኮስን ይቃወማል። ምክንያቱም እንስሳው በዓይኑ፣ በጆሮውና በአፍንጫው አደጋን የማወቅ ዕድሉን ያጣል። እኔ ከዚህ የተሻለ ምክንያት አላውቅም። ከታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው። እንስሳው ሊያውቃችሁ የሚችልበት ቦታ ላይ ሆናችሁ፣ በጥንቃቄያችሁ ብቻ ሳያውቃችሁ ብትቀሩ፣ ያ ነው ሙያ።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው፤ ያስቀጣል፣ ያሳስራል። ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ አደን የለም።

አንደኛ፦ የምትፈልጉትን እንስሳ እወቁ

በየዓመቱ ቀንዱን እየጣለ አዲስ የሚያበቅለው የፈረንጅ አጋዘን በአገራችን የለም። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ በኩል ብቻ ነው። የእኛዎቹ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ።

በደንቆሮ ያለው የምኒልክ ድኩላ ነው። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚጠጋ መልክ አለው፤ ቀንዱም ጠምዘዝ ያለ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም፣ መልኳም ቀላ ይላል። ብዙ ጊዜ ለብቻው ይኖራል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ከጫካው ዳር ወጥቶ ቅጠል ይቀነጥባል፤ ቀን ጥላ ውስጥ ይተኛል። ሰስ ግን ገደል ትወዳለች። ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆነው ነው የሚገኙት፤ በሰኮናቸው ጫፍ ቆመው ድንጋይ ላይ ስታዩአቸው ትገረማላችሁ። ድኩላን ጽድና ኮሶ ካለበት የጫካ ጠርዝ ፈልጉ። ሰስን ቋጥኙ ላይ፣ ሚዳቋን ቁጥቋጦው ውስጥ።

ሁለተኛ፦ ዕቃ

ባይኖኩላር ስትገዙ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ ለምሳሌ 8 በ42። ስምንቱ የሚያጎላበት ልክ ነው፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ትልቅ የሚያጎላውን ይመርጣል። እኔ ለጀማሪ 8 በ42ን እመክራለሁ። ማጉያው በጨመረ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። 42ን ለ8 ስታካፍሉት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይመጣል፤ ይህ ለዓይናችሁ የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ድኩላ የሚወጣው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ብርሃን ያስፈልጋችኋል። ትንንሾቹ የኪስ ባይኖኩላሮች በዚያ ሰዓት ጨለማ ነው የሚያሳዩት።

ልብስ ላይ ነጭ አይሁን። ጋቢ ለብሶ ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሰው ከማዶ ወለል ብሎ ይታያል። እነዚህ እንስሳት ቀይን እንደኛ ለይተው አያዩም፤ ነጭና እንቅስቃሴ ግን ቶሎ ይይዛሉ። ባና ወይም ጠቆር ያለ የሱፍ ልብስ በጣም ጥሩ ነው፤ ይሞቃል፣ ሲንቀሳቀሱም ድምፅ የለውም። የሚንኮሻኮሽ የላስቲክ ጃኬት ግን ቤት ይቅር።

ስለ ሽታ ደግሞ ማንም አያስብም። ወሎ ቡና ያለ ዕጣን አይጠጣም፤ ልብሳችን ሁሉ ዕጣን ዕጣን ይላል። ለጫካ የምትለብሱትን ልብስ ዕጣን ካልገባበት ቦታ አስቀምጡት። ሽቶ አትቀቡ። አንድ ዱላ፣ ውኃና ቆሎም ያዙ።

ሦስተኛ፦ ነፋሱን መርምሩ

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህችን አስታውሱ። ከዓይን ትደበቃላችሁ፣ ከጆሮም ትደበቃላችሁ፤ ከአፍንጫ ግን አትደበቁም።

ትንሽ ደቃቅ አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥሩ። በየደረሳችሁበት ነካ ነካ አድርጉት። አመዱ የሚሄድበት አቅጣጫ ሽታችሁ የሚሄድበት ነው። እንስሳው ወዳለበት ከሄደ ቦታ ቀይሩ፤ ሌላ መላ የለውም።

ተራራ ላይ ነፋስ የራሱ ሰዓት አለው። ፀሐይ ሳትወጣ ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ቁልቁል ይፈሳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ማታ ሲበርድ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ በማለዳ ከእንስሳው በታች መሆን ይሻላል፤ ረፋድ ላይ ከበላዩ። የሚገለባበጥበት ሰዓት አደገኛ ነው፤ ያኔ አመዱ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል። በዚያ ሰዓት ከመጠጋት መቀመጥ ይበልጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሸለቆውን መሃል አድርጎ ማዶ መቀመጥ ነው።

አራተኛ፦ መቀመጫ ምረጡ

ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ካለው ጋራ ተቀምጣችሁ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ፤ ማታ ተገላቢጦሽ። ጋራው አናት ላይ አትቁሙ፤ ሰማዩ ከኋላ ስለሚሆን ጥላችሁ ጎልቶ ይወጣል። ከአናቱ ዝቅ በሉና ቋጥኝ ወይም አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ከመድረሳችሁ በፊት በአካባቢው እረኛ ካለ ጠይቁ። ሰላምታችሁን አስቀድሙ፤ «አያ፣ ድኩላ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» በሉ። እረኛ የሚያውቀውን ካርታ አያውቀውም። ፓርኩ ውስጥ ስትገቡ ከጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ጠይቃችሁ ከስካውት ጋር ሂዱ፤ ክፍያውን አትከራከሩ። ጫካውን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።

አምስተኛ፦ ርቀቱን ገምቱ

ሸለቆ ማዶ ያለ ነገር ከእውነቱ ይልቅ የቀረበ ይመስላል። በደጋ አየሩ ጥርት ስለሚል ይበልጥ ያታልላል። ይህን ዘዴ ተለማመዱ። ክንዳችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን አቁሙ። አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ጣቱን አንድ ነገር ላይ አነጣጥሩ። ከዚያ ዓይን ቀይሩ። ጣቱ ወደ ጎን ዘሎ ይታያል። የዘለለውን ርቀት በሜትር ገምቱና በ10 አባዙ። ለመገመት ማዶ የሚግጥ ከብት ይጠቅማል፤ አንድ በሬ በርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ጣታችሁ የ15 በሬ ያህል ከዘለለ 30 ሜትር ነው፤ ርቀቱ 300 ሜትር። የሚሠራው የክንዳችን ርዝመት በሁለቱ ዓይኖቻችን መሃል ካለው ስፋት 10 እጥፍ ያህል ስለሆነ ነው።

ለጀማሪ ከ200 እስከ 300 ሜትር ጥሩ ነው። ባይኖኩላሩ ያንን በደንብ ያቀርበዋል፤ እንስሳውም ሥራውን አይተውም።

ስድስተኛ፦ ፈልጉ

መጀመሪያ በባዶ ዓይን እዩ። ከዚያ ተዳፋቱን እንደ እርሻ ትልም በተርታ ከፋፍሉትና ከቅርቡ ወደ ሩቁ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ሙሉ ድኩላ አትፈልጉ፤ ሙሉ ድኩላ አይታይም። የሚታየው ጆሮ ነው፣ እግር ነው፣ የጀርባ መስመር ነው። ጫካ ውስጥ ግንዱ ሁሉ ቆሞ ነው ያለው። አግድም የተኛ መስመር ካያችሁ እሱ ላይ ቆዩ። ጥላና ብርሃን የሚገናኙበትን ጠርዝ ደጋግማችሁ እዩ። ያያችሁትን ቦታ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሱበት፤ ተኝቶ የነበረ እንስሳ ይነሳል።

እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ፤ ወይም ባይኖኩላሩን ዱላው ላይ ደግፉ። ስልካችሁን ከባይኖኩላሩ ዓይን ኋላ ገጥማችሁ ፎቶ ማንሳትም ይቻላል። የስልኩን ድምፅና ፍላሽ ግን አጥፉ።

ሰባተኛ፦ እንስሳው ሲያውቃችሁ

ድኩላ ማኘክ አቁሞ ጭንቅላቱን ቀና ካደረገ፣ ጆሮዎቹንም ወደ እናንተ ካዞረ፣ ባላችሁበት ድርቅ በሉ። ዝም ብሎ መብላት ከቀጠለ እናንተም ቀጥሉ። እግሩን መሬት ላይ ከመታ ወይም እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ድምፅ ካሰማ ግን አልቋል፤ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰስ ደግሞ ታፏጫለች። በዚህ ጊዜ ዝቅ ብላችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። አትከተሉት። ያሯሯጣችሁት እንስሳ የሚበላበትን ሰዓት ያጣል፤ ከመሸገበት ሲወጣ ነብር ሊያገኘው ይችላል። «አንድ ፎቶ ብቻ» ብሎ መከተልን በፍጹም አልደግፍም። ከሩቅ እየተኮሱ ከማቁሰል የሚለየው በመጠን ብቻ ነው።

ድሮን አታስነሱ። በስልክ የተቀዳ የእንስሳ ድምፅ አታሰሙ። ፎቶውን ስትለጥፉ ትክክለኛውን ሸለቆ አትጻፉ፤ ጽፋችሁ ከሆነ ለማን እንደጠቆማችሁ አታውቁም።

ቁጥቋጦ ውስጥ ለብቻው የተኛ ግልገል ብታገኙ አታንሱት። አልተጣለም። እናቱ ደብቃው ሄዳ ነው፤ ተመልሳ ታጠባዋለች። ብዙ ሰው አዝኖ ይዞት ወደ ቤት ይሄዳል፤ ያ ግልገል ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ውሻም አታስከትሉ። በደንቆሮም፣ በላሊበላ አካባቢ ባለው አቡነ ዮሴፍም ቀይ ቀበሮ አለ። የቤት ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን በመንጋው ይጨርሳል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም።

ስምንተኛ፦ ወጥመድ ካያችሁ

በጫካ መንገድ ላይ፣ በተለይ ቁጥቋጦው ጠበብ ባለበት መተላለፊያ፣ የሽቦ ቀለበት ከቅርንጫፍ ታስሮ ልታዩ ትችላላችሁ። ቦታውን ፎቶ አንሱ፤ በአቅራቢያው ያለ ምልክት፣ ዛፍ ወይም ምንጭ መዝግቡ። ከዚያ ለስካውቱ አሳዩት። ለብቻችሁ ነቅላችሁ ከሄዳችሁ ማን እንዳጠመደው ለማጣራት ይቸገራሉ፤ ሌላም አጠገቡ ሊኖር ይችላል። እንስሳ ተይዞ በሕይወት ካለ አትጠጉት። ሰው ሲያይ ይታገላል፤ ሽቦው ይበልጥ ይገባበታል። አንዳችሁ ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፤ ሌላው ስካውት ይጥራ።