በገበያ ቀን መጓዝ፦ የጓቴማላን የማያ ደጋ ከተሞች በአውቶቡስ በርካሽ እንዴት መዞር ይቻላል

በምዕራብ ጓቴማላ ኩቹማታኔስ የሚባል ሰንሰለታማ ተራራ አለ። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ አምባ ነው። በጎች በድንጋይ ካብ መካከል ይግጣሉ፤ በበጋ ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ያድራል። በዙሪያው ባሉት ሸለቆዎች ማም፣ አዋካቴክ፣ ኢሺል፣ ኪቼ እና ሌሎች የማያ ሕዝቦች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቋንቋና የራሱ ጥለት አለው።

ወደዚያ የሚያደርሰው ርካሽ መኪና ካሚዮኔታ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ተማሪ ሲያመላልስ ኖሮ ሲያረጅ ወደ ደቡብ የተሸጠ፣ ከዚያ በደማቅ ቀለም ተውቦ ዳገት የሚቧጥጥ አውቶቡስ ነው። ብዙ መንገደኛ በዚህ አካባቢ የሚቸገረው ጉዞውን በራሱ ቀን አስልቶ ስለሚመጣ ነው። የደጋውን መኪና የሚያንቀሳቅሰው ገበያ ስለሆነ፣ እናንተም ጉዞውን ከገበያው ቀን ጀምራችሁ አስሉት።

1. መጀመሪያ የገበያ ቀኖቹን ጻፉ

ቶዶስ ሳንቶስ ኩቹማታን ዋናው ገበያ ቅዳሜ ነው። አጓካታን፣ ኔባህ እና ቺቺካስቴናንጎ ሐሙስና እሑድ ይውላሉ። በገበያ ቀን መኪኖቹ ጎህ ሳይቀድ ከየመንደሩ ሰውና እህል ጭነው ወደ ከተማው ይጎርፋሉ፤ ከቀትር በኋላ ይመለሳሉ። ከገበያው ማግስት ግን መንገዱ ጭር ይላል። ስለዚህ ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ፣ ጠዋት ገበያውን እዩ።

እኔ የምመክረው እንዲህ ነው፦ ሐሙስ ዌዌቴናንጎ፣ ዓርብና ቅዳሜ ቶዶስ ሳንቶስ፣ እሑድ በማለዳ ወርዳችሁ አጓካታን፣ ሰኞ ሳካፑላስ፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ኔባህ፣ ዓርብ ወደ ኮባን። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ደረቅ ወቅት ይሻላል። በዝናቡ ወራት ናዳ መንገድ ይዘጋል።

2. ዋና ከተማውን በፍጥነት ልቀቁ

በጓቴማላ ሲቲ ውስጥ በከተማ አውቶቡስ አትጓዙ፤ ዝርፊያ የተለመደ ነው። ከማረፊያችሁ ታክሲ ያዙና ወደ ዌዌቴናንጎ የሚሄደው ፑልማን የሚባለው የተሻለ አውቶቡስ መነሻ ድረስ ሂዱ። መንገዱ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። በቀን ብቻ ተጓዙ። በሌሊት መጓዝ የአንድ ምሽት አልጋ ኪራይ ያድናል የሚል ሰው ብታገኙ አትስሙት።

ገንዘብ ዌዌቴናንጎ ላይ አውጡ። አንድ የአሜሪካ ዶላር ከሰባት ኬትሳል ተኩል በላይ ይመነዘራል፤ ይህ ዋጋ ለዓመታት ብዙም አልተንቀሳቀሰም። የ100 ኬትሳል ኖት ይዛችሁ ገጠር ከወጣችሁ መልስ የሚሰጣችሁ አታገኙም። እዚያው ባንክ ውስጥ ወደ 5፣ 10 እና 20 ዘርዝሩት።

3. ካሚዮኔታ አሳፋፈር

አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የሚያውቅ ሰው እዚህ እንግዳ አይሆንም። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ መድረሻውን ይጠራል። ችግሩ የሚጠራው ስም ካርታ ላይ ካለው መለየቱ ነው። ዌዌቴናንጎ «ዌዌ» ነው። ቺቺካስቴናንጎ «ቺቺ»፣ ሳንታ ክሩስ ዴል ኪቼ «ኪቼ»፣ ዋና ከተማዋ «ጓቴ» ትባላለች። ኬትሳልቴናንጎን ደግሞ ሁሉም ሰው «ሼላ» ነው የሚላት፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሚፈልገው መኪና ፊቱ ቆሞ ያመልጠዋል።

ትልቁን ሻንጣ ረዳቱ ጣራ ላይ ያወጣዋል። ፓስፖርት፣ ገንዘብና ስልክ ያለበትን ትንሽ ቦርሳ ግን ጭናችሁ ላይ አድርጉ እንጂ ከራስ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። ወንበሩ ለልጆች ተብሎ የተሠራ ቢሆንም ሦስት አዋቂ ይቀመጥበታል፤ ሦስተኛው ግማሽ ሰውነቱ መተላለፊያው ላይ ነው። ስትገቡ «ብዌኖስ ዲያስ» በሉ። ሰላምታ ያልሰጠ ሰው ባለጌ ተደርጎ ይታያል። ለማለፍ «ኮን ፔርሚሶ»፣ ለመውረድ ደግሞ እንደ እኛው «ወራጅ አለ!» ጮክ ብላችሁ «አኪ ባሆ፣ ፖር ፋቮር!» በሉ።

ሂሳቡን ረዳቱ የሚሰበስበው መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት እንደ እናንተ የሚጠብቁትን እናቶች «ኩዋንቶ ኩዌስታ?» ብላችሁ ዋጋውን ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ያህል ቆጥራችሁ ያዙ። የውጭ ሰው መሆናችሁን አይቶ ከዚያ ትንሽ ከጨመረ በትሕትና ዋጋውን ንገሩት፣ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለሁለት ሦስት ኬትሳል ግን አትጣሉ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ጣራ ላይ ሲወጣና ሲወርድ የዋለ ልጅ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ ተጠንቀቁ። እነሱ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነውና «አ ላስ ሲንኮ» ሲሏችሁ፣ ስለ ማለዳው ከሆነ፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ሩቅ ወደሆኑት ከተሞች የመጨረሻው መኪና ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መሸጋገሪያ ላይ የደረሰ እዚያው ያድራል።

4. ቶዶስ ሳንቶስ

ከዌዌ የተነሣው መኪና ቺያንትላን አልፎ በጠመዝማዛ ዳገት ወደ አምባው ይወጣል። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ከላይ ይሁንላችሁ፤ ጣራ ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ ሆኖ አይጠቅምም። ፓኪሽ ከሚባለው መገንጠያ በኋላ ወደ ማሞቹ ሸለቆ ትወርዳላችሁ። ከተማው ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ከፍታው አያስቸግርም። በላዩ ያለው ላ ቶሬ 3,837 ሜትር ሲሆን እሳተ ገሞራ ካልሆኑት የመካከለኛው አሜሪካ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው።

እዚህ ወንዶቹ ራሳቸው ቀይ ላይ ነጭ መስመር ያለው ሱሪ ለብሰው ይውላሉ። ለቱሪስት ብለው አይደለም፤ የዘወትር ልብሳቸው ነው። ዓይን ይስባልና ካሜራ ለማውጣት ያጓጓል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለኝ፦ ልጆችን ፎቶ አታንሡ፣ አዋቂንም ሳትጠይቁ አታንሡ። በ2000 እ.ኤ.አ. «የውጭ ሰዎች ሕፃን ሊሰርቁ መጡ» የሚል ወሬ ተነዝቶ፣ በዚሁ ገበያ ውስጥ አንድ ጃፓናዊ ጎብኚና አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በተቆጣ ሕዝብ ተገድለዋል። ከዚያ ወዲህ ዘመኑ ተለውጧል፤ ሰዉም እንግዳ ተቀባይ ነው። ቢሆንም እናት ልጇን ወደ ራሷ ስትስብ ካያችሁ ካሜራውን መልሱ።

ኖቬምበር 1 የፈረስ ግልቢያ በዓሉ የሚከበርበት ቀን ነው። ለዚያ የምትሄዱ ከሆነ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ።

5. ሳካፑላስና ኔባህ

ወደ ዌዌ ተመልሳችሁ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ። አጓካታን የነጭ ሽንኩርት አገር ነው፤ በእሑድ ገበያ ጉንጉኑ እንደ ክምር ይቆለላል። ቀጥሎ ያለው ሳካፑላስ ቆላ ቢጤ የወንዝ ዳር ከተማ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ ጨው የሚሠራበት። ከዚያ ዳገቱን ስትወጡ ኔባህ ናት፤ ከቻሁልና ከኮትሳል ጋር የኢሺሎች አገር።

ኔባህ ውስጥ ቦሽቦል ሳትበሉ አትውጡ፦ የበቆሎ ሊጥ በቅጠል ተጠቅልሎ ይቀቀልና በቲማቲምና በዱባ ፍሬ ስጎ ይቀርባል። የምትጾሙ ከሆነ «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ማለት ብቻ አይበቃም። ባቄላውንም ሊጡንም በአሳማ ስብ የሚሠሩ ስላሉ «ሲን ማንቴካ» (ያለ ስብ) ብላችሁ ጨምሩ።

ይህ ሕዝብ ያሳለፈውን ሳያውቁ መሄድ ደግ አይመስለኝም። ከ1960 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ወይም ደብዛቸው እንደጠፋ የአገሪቱ የእውነት ኮሚሽን በ1999 ገልጿል። ማንነታቸው ከተለየው ተጎጂዎች 83 በመቶው ማያዎች ነበሩ። የኢሺል መንደሮች በተለይ በ1982 እና 1983 በጅምላ ተቃጥለዋል። የያኔው የአገር መሪ ሪዮስ ሞንት በ2013 በዘር ማጥፋት ተፈርዶባቸው፣ ፍርዱ በአሥር ቀን ውስጥ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተሽሯል። ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጡት አዛውንት ያንን ዘመን በዓይናቸው ያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። እሳቸው ካላነሡት እናንተ አታንሡት። ብዙ አሮጊቶች ስፓኒሽ አይናገሩም፤ ፈገግታና መቀመጫ መልቀቅ ግን ይገባቸዋል። በኪቼ ምስጋና «ማልትዮሽ»፣ ኮባን ስትደርሱ በኬክቺ «ባንቲዮሽ» ነው።

6. ወደ ኮባን

ከኔባህ ጎህ ሲቀድ ውጡ። በኩኔንና በኡስፓንታን በኩል ሚኒባስ እየቀያየራችሁ፣ ብዙውን ቀን መንገድ ላይ ናችሁ። የኡስፓንታን ገጠር የ1992 የኖቤል ሰላም ተሸላሚ የሪጎቤርታ ሜንቹ ትውልድ አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ሳን ክሪስቶባል ቬራፓስ ያለው ገደል አስቸጋሪ ነው፤ በጃንዋሪ 2009 ተራራው ተንዶ ብዙ ሰው ገድሏል። ዝናብ ካለ ኡስፓንታን ላይ ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ «ዛሬ አይሆንም» ካሉ አልጋ ያዙ። «አይ ብሎኬኦ?» (የተዘጋ መንገድ አለ?) ብላችሁም ጠይቁ፤ ሕዝቡ ለተቃውሞ መንገድ መዝጋት ልማዱ ነው። በኦክቶበር 2023 የምርጫውን ውጤት ለማስከበር አገሪቱን ለሳምንታት እንዳትንቀሳቀስ አድርገዋል። መዝጊያው ላይ ከደረሳችሁ በኃይል ለማለፍ አትሞክሩ። ብዙ ጊዜ ሻንጣ ተሸክሞ በእግር ማለፍና ከማዶ ሌላ መኪና መያዝ ይቻላል።

ኮባን ቡናና ሄል የሚበቅልበት አገር ነው። በገልፍ ያላችሁ አንባቢዎች ከዐረብ ቡና ጋር የምታውቁት ሄል አብዛኛው የሚመጣው ከእነዚህ ኮረብታዎች ነው። ከገበያው ጥቂት ገዝታችሁ በማግስቱ ጠዋት ወደ ጓቴ የሚሄደውን ፑልማን ያዙ፤ ጉዞው ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል።