ሞገዱን የሚቆርጠው ማነው፣ አምፕሊፋየሩ ወይስ መለኪያው?

አንድ ጊዜ የጓደኛዬን አምፕሊፋየር ፈትቼ ሁለት ቀን ስታገል ከረምኩ። ሲግናሉ ጫፉ ተቆርጦ ይታየኛል። ትራንዚስተር ቀየርኩ፣ ያው ነው። ለካ የሚቆርጠው ኦሲሎስኮፔ (ሞገዱን በስክሪን የሚያሳየው መለኪያ) ኖሯል። ሬንጁ፣ ማለትም መለኪያው የሚይዘው የቮልት ወሰን፣ ጠብቦት ነበር።

ሞገዱ ከላይና ከታች ጠፍጣፋ ሆነ

የገባው ሲግናል ከሬንጁ በልጧል ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምንሸወደው ግን በሂሳቡ ነው። 100 ዋት በ8 ኦም ስፒከር ላይ 28 ቮልት ገደማ ነው። ይሄ አርኤምኤሱ (ኃይሉ የሚሰላበት አማካይ ቮልት) ነው። ሬንጁን የሚሞላው ደግሞ ጫፉ ነው፤ በሳይን ሞገድ ጫፉ 1.41 እጥፍ ስለሆነ 40 ቮልት ይደርሳል። ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 80 ቮልት መሆኑ ነው። ኦሲሎስኮፑን በአንድ ሳጥን 5 ቮልት ላይ ከተዋችሁት፣ ስምንቱ ሳጥን የሚይዘው 40 ብቻ ነው። 10 ላይ ብታደርጉት ልክክ ይላል፣ ትንፋሽ ግን የለውም። 20 ይሻላል።

ጥፋተኛውን ለመለየት ቮልዩሙን አትንኩ፤ ሬንጁን ብቻ ከፍ አድርጉ። ጫፉ ክብ ሆኖ ከመጣ አምፕሊፋየሩ ንጹህ ነው። አሁንም ጠፍጣፋ ከሆነ፣ በሉ ካቻቪቴውን አንሱ።

በላፕቶፕ ለምትለኩ ደግሞ፦ የማይክ መግቢያ የተሠራው ለሚሊቮልት ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ያወጣል። በሶፍትዌሩ ብትቀንሱት ዋጋ የለውም፤ ሲግናሉ የተቆረጠው ገና ሲገባ ነው። ላይን መግቢያ (ከማጫወቻ የሚወጣው ላይን ሲግናል የሚገባበት) ያለው ሳውንድ ካርድ ተጠቀሙ። የአምፕሊፋየር የስፒከር መውጫ ግን በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ አይሰካም፣ ያቃጥለዋል። ብሪጅ የሆነ አምፕሊፋየር ከሆነ የኦሲሎስኮፑን የግራውንድ መቆንጠጫም ከስፒከሩ ገመድ ጋር አታያይዙ። ሁለቱም ገመድ ሲግናል ነው፤ ሾርት ይሆናል።

ሞገዱ ደረጃ ደረጃ ሠራ፣ ኖይዙ በዛ

ይሄ የተገላቢጦሹ ነው፣ ሬንጁ ሰፍቷል። ባለ 8 ቢት ኦሲሎስኮፕ ስክሪኑን በ256 ደረጃ ይከፍለዋል። 80 ቮልት ላይ አንዱ ደረጃ 0.3 ቮልት ገደማ ነው። የቤት ቴፕ ላይን ሲግናል ራሱ ከዚያ ብዙም አይርቅም! ሞገዱ የስክሪኑን ሦስት አራተኛ እስኪሞላ ሬንጁን አውርዱ።

መልቲሜትሩ የማይመስል ቁጥር ሰጠ

እነዚያ ርካሽ ቢጫ መልቲሜትሮች ትንሹ የኤሲ ሬንጃቸው 200 ቮልት ነው። ስህተታቸው እስከ 1 ቮልት ሊሄድ ይችላል፤ ስለዚህ ላይን ሲግናል በነሱ አይለካም። ለስፒከር መውጫ ይሆናሉ። እሱም ከ400 ኸርዝ በላይ ስለማይታመኑ በ1 ኪሎኸርዝ ሳይሆን በ200 ኸርዝ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) ለኩ።

ቁጥሩ አንድ ቦታ አልረጋ አለ

ሬንጁን ራሱ የሚመርጥ መለኪያ በሙዚቃ ላይ እንዲህ ያደርጋል። በእጅ ቆልፉትና ሙዚቃውን በቶን ተኩት።