ትከሻ ሲወልቅ ክንድ አይጎተትም

ኮምቦልቻ ላይ ጆንያ ሲያራግፍ ወይም የደሴ ዳገት አንሸራቶት የወደቀ ሰው ትከሻው ቢወልቅ፣ በአካባቢው ያለ ሁሉ ክንዱን ለመጎተት ባይሽቀዳደም መልካም ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት የትከሻ አጥንት ጎድጓዳ ጥልቀት ስለሌለው፣ መገጣጠሚያውን አጽንተው የሚይዙት በዋናነት ጅማቶችና በዙሪያው ያሉ 4 ጡንቻዎች ናቸው፤ እጃችን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደልቡ የሚዞረውም፣ ትከሻ ከሌሎቹ ትልልቅ መገጣጠሚያዎች ይልቅ በቀላሉ የሚወልቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከመገጣጠሚያው ሥር ነርቭ ስለሚያልፍ፣ ራጅ ሳይነሱ መጎተት እርሱን ሊጎዳ፣ የተሰበረ አጥንት ካለም ሊያባብስ ይችላል (ወጌሻው የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን አጥንቱን በዓይኑ አያይም)። ክንዱን ባለበት ሁኔታ በነጠላ ከአንገት ጋር ደግፎ ወደ ሆስፒታል መውሰድ፣ የትከሻው ውጫዊ ጎን ደንዝዞ እንደሆነም ለሐኪሙ መንገር ይገባል።