«ማስንት» እና «ዶንት ሃቭ ቱ» ለየቅል ናቸው
እንግሊዝኛ ስትጽፉ ይቺን ልብ በሉ። «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ሲሆኑ ተቀራራቢ ናቸው፤ ሁለቱም ግዴታን ይናገራሉ። አሉታ ሲሆኑ ግን ጭራሽ አይገናኙም።

«ዩ ማስንት ፔይ» ማለት እንዳትከፍል፣ ክልክል ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ» ደግሞ ግዴታ የለብህም፣ ከፈለግክ ክፈል። እኛ ለሁለቱም «መክፈል የለብህም» ስለምንል ነው የሚምታታብን። ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰውየው ቢያደርገው ጥፋት ነው? አዎ ከሆነ «ማስንት»። ቢያደርገውም ባያደርገውም ለውጥ ከሌለው «ዶንት ሃቭ ቱ»። ለሥራ ባልደረባችሁ «ዩ ማስንት ካም ቱሞሮው» ብላችሁ ኢሜይል ብትልኩ፣ ልታሳርፉት አስባችሁ ድርሽ እንዳትል አላችሁት ማለት ነው። ቢቀየም አይፈረድበትም።

ከ«ካን»፣ «ሹድ»፣ «ማስት» በኋላ ግሱ እርቃኑን ይመጣል፤ «ቱ» አይገባም፣ «ኤስ»ም አይጨመርም። «ሺ ካን ድራይቭ» እንጂ «ሺ ካን ቱ ድራይቭ» ወይም «ሺ ካን ድራይቭስ» አይባልም። (የ«ሹድ» ቢጤ የሆነችው «ኦት» (ought) ግን አመለኛ ናት፤ «ቱ»ን አትለቅም።)

ግምት ላይም ወጥመድ አለ። «ሂ ማስት ቢ አት ሆም» ስትሉ «ቤት መሆን አለበት፣ እርግጠኛ ነኝ ማለት ይቻላል» እያላችሁ ነው። ቤት ሊሆን አይችልም ለማለት ግን «ማስንት» አይሠራም፤ «ሂ ካንት ቢ አት ሆም» በሉ።