የዛሬን ቦክሰኛ ከድሮዎቹ ጋር እንዴት እናጋጥም?

አንድ ቀን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን «ቢቮል ቦብ ፎስተርን በቀላሉ ያሸንፋል» አልኩ። ሁለቱም የላይት ሄቪዌይት (ከከባድ ሚዛን በታች ያለ የክብደት ምድብ) ቦክሰኞች ናቸው፣ ቢቮል የዛሬ፣ ፎስተር የድሮ። ማስረጃዬ የስልክ ቪዲዮ ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ ጋሼ ቀና ብለው «ልጄ፣ በስንት ዙር?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። የሁሉንም ቡና የከፈልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የማደርገው።

በመጀመሪያ ሁለቱንም ጉልበታቸው ሙሉ በነበረበት ዓመት ውሰዷቸው። አንድ ዓመት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሮይ ጆንስ በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ሩይዝን አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ፣ በ2004 ደግሞ ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው።

ቀጥሎ በማን ዘመን ሕግ እንደሚጋጠሙ ወስኑ። ሰው የሚዘለው ይህችን ነው፣ እኔም የተዋረድኩት እዚች ላይ ነው።

ከሚዛኑ እንነሳ። የላይት ሄቪዌይት ጣሪያ ያኔም ዛሬም 79.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ቁጥሩ ግን ያታልላል። ድሮ የሚመዘኑት በግጥሚያው ቀን ነበር። የዛሬዎቹ ከአንድ ቀን በፊት ውሃቸውን አድርቀው ይመዘኑና ሲበሉ ሲጠጡ አድረው ከብደው ሪንግ ይገባሉ። ገበያ ወጥቶ ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ በግ የገዛ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ጉዱ ያለው ግን ዙሩ ላይ ነው። እስከ 1980ዎቹ ድረስ የሻምፒዮና ግጥሚያ 15 ዙር ነበር፣ አሁን 12 ነው። ሦስት ዙር ምን ታመጣለች ካላችሁ የሰኔ 1952ቱን ተመልከቱ። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ከክብደቱ ወጥቶ የላይት ሄቪዌይቱን ሻምፒዮን ጆይ ማክሲምን ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ገጠመው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ነበር፣ ዳኛው ራሱ መቀጠል አቅቶት በሌላ ተተካ። ሮቢንሰን በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየመራ ሳለ 13ኛው ዙር ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ቀረ፣ ለ14ኛው መነሳት አልቻለም። በዛሬው 12 ዙር ቢሆን ቀበቶው የሱ ነበር! ሃረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጃኬቱን የሚያወልቅ የደሴ ልጅ ሙቀት ጉልበትን ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም።

ከዚያ ሽንፈቶቻቸውን አበጥሩ። ፎስተርን በ1970 ፍሬዚየር፣ በ1972 አሊ ዘርረውታል፣ ሁለቱም ግን ከባድ ሚዛን ናቸው። በራሱ ሚዛን ከ1968 ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ሪንግ ውስጥ አሸንፎ ቀበቶውን የነጠቀው የለም። ቀበቶ መቁጠርም ያሳስታል፦ ኤዛርድ ቻርልስ የላይት ሄቪዌይት ሻምፒዮን ሳይሆን፣ በኋላ ለዓመታት የዚህ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን አርቺ ሙርን ሦስት ጊዜ አሸንፏል።

ቁመትና የእጅ ርዝመት ማየቱን ማንም ያውቀዋል። የፕሌይስቴሽን ጨዋታ ከፍታችሁ «ይኸው አሸነፈ» የምትሉትን ግን ተዉት፣ እባካችሁ።

የኔ ፍርድ? በ12 ዙር ቢቮል በነጥብ። ያ እግር፣ ያ ቀጥተኛ ግራ እጅ፣ በየካቲት 2025 ቤተርቢየቭን ያህል መዶሻ በነጥብ ያሸነፈ ልጅ ነው። በ15 ዙር ከሆነ ግን አልወራረድም፣ የፎስተር የግራ ሁክ (ከጎን ዞሮ የሚመጣ ቡጢ) እስከ መጨረሻው ደወል ያስፈራኛል።